ከእንዶድ አረፋ እስከ ወባ ክትባት

ጥር ሲቃረብ ዘጌ አክስቴ ግቢ የገባ ሰው ሳያስነጥስ አይወጣም። የደረቀ እንዶድ ይወቀጣላ! ዱቄቱ ብን ሲል አፍንጫ ይቆጠቁጣል፣ ዐይን ያለቅሳል፤ ወቃጯ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና፣ ፊቷን አዙራ ነው ሙቀጫውን የምትመታው። ያው ዱቄት ሳፋ ውስጥ በውሃ ሲበጠበጥ ደግሞ ወፍራም፣ ነጭ፣ ቶሎ የማይከስም አረፋ ይሆናል። ለጥምቀት የሚለበሰው ነጠላና ጋቢ የሚታጠበው በእሱ ነው። የሱቅ ሳሙና ሞልቶ ሳለ ለምን ይደክማሉ ስላቸው አክስቴ፣ «የሱቁ ጥለቱን ያደበዝዘዋል፤ እንዶድ ነጩን ያነጣል እንጂ ቀለሙን አይነካም» ይሉኛል። ጋቢያቸውን ያየ ሰው አይከራከራቸውም።

የሚያስነጥሰውም የሚያረፋውም አንድ ነገር ነው፤ ሳፖኒን ይባላል። ብዙ ዕፅዋት ራሳቸውን ከሻጋታና ከነፍሳት ለመከላከል የሚሠሩት ንጥረ ነገር ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን የጋቢ ንጣት አይደለም። ኪላያ ከሚባል የቺሊ ዛፍ ልጥ የሚወጣ ሌላ ሳፖኒን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት እንዲሰጡ በመከራቸው በሁለቱም የወባ ክትባቶች ውስጥ አለ። የማፑቼ ሕዝብ በዚያ ልጥ ልብሱን ሲያጥብ ኖሯል፤ የእኛ እናቶች በእንዶድ እንደሚያጥቡት ማለት ነው።

የምሠራው ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ስለ ወባ ክትባት በሬዲዮ በተወራ ቁጥር ጠያቂ አላጣም። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው መጥተው፣ «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ክትባቱ ከምንድን ነው የሚሠራው?» አሉኝ። «ከወባው ተሕዋስ አንዲት የፕሮቲን ቁራጭ፣ ከዛፍ ልጥ ደግሞ የሚያግዘው ጥቂት ነገር» አልኳቸው። «ከዛፍማ ከሆነ አይጎዳም» አሉና ፊታቸው ፈካ። ከኋላቸው ተራ ይጠብቅ የነበረ ወጣት ከት ብሎ ሳቀ፤ «በቃ፣ የደብተራ መድኃኒት በመርፌ መጣልን!»

ሁለቱም አበሳጩኝ። ከዛፍ የመጣ ሁሉ አይጎዳም ማለትና ከዛፍ የመጣ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አንድ ዓይነት ስንፍና ነው፤ ሁለቱም በልጡና በመርፌው መካከል ያለውን ሥራ አያዩም። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ሥራ ነው።

ነገሩ ከራሱ ከክትባቱ ይጀምራል። የድሮ ክትባቶች ሙሉ ተሕዋስ ነበሩ፤ የሞተ ወይም የተዳከመ። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ከተሕዋሱ ላይ የተመረጠች አንዲት ፕሮቲን ናቸው። ንጹሕ ናቸው፤ ጣጣቸው ግን እዚያው ንጽሕናቸው ላይ ነው። ሰውነታችን ብቻዋን የመጣች ፕሮቲንን ብዙም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ሌሊት በመንደር አንድ እንግዳ በዝምታ ቢያልፍ ማንም ከመኝታው አይነሣም፤ እሪታ ሲሰማ ግን ዱላና ባትሪ ይዞ የማይወጣ የለም። ክትባት ላይ የሚጨመረው አጋዥ፣ በሙያው ቋንቋ አድጁቫንት፣ ሥራው እሪ ማለት ነው። እንግዳው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል እንጂ።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ጋስቶን ራሞን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1920ዎቹ አጋማሽ ፓሪስ አጠገብ ከፈረሶች ደም የዲፍቴሪያ መድኅን ያዘጋጅ ነበር። መርፌ የተወጉበት ቦታ ያበጠና መግል የቋጠረ ፈረሶች ከሌሎቹ የበለጠ ጠንካራ መድኅን እንደሚሰጡ አየ። እንግዲያው ሆን ብዬ ላስቆጣው አለና ከመርፌው ጋር የዳቦ ፍርፋሪ፣ ታፒዮካ፣ ስታርች፣ ሳፖኒንም ጭምር እየቀላቀለ ሞከረ። የዳቦ ፍርፋሪ በመርፌ! ዛሬ እንዲህ ያለ ማመልከቻ የሚያቀርብ ተመራማሪ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ደጅ ይመለሳል። በ1926 ደግሞ ለንደን ላይ አሌክሳንደር ግሌኒና ባልደረቦቹ የአሉሚኒየም ጨው ያንኑ ሥራ በሥርዓት እንደሚሠራ አሳዩ፤ እሱም ለሰው ክትባት ዋናው አጋዥ ሆኖ አሥርተ ዓመታት ገዛ። ልጆቻችን የሚወስዱት አምስት በአንዱ ክትባት ዛሬም ከአሉሚኒየም ጋር ነው።

ሳፖኒን በበኩሉ ወደ በረቱ ወረደ። በ1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማክስ ስተርን ያዘጋጀው የአባሰንጋ ክትባት ከሳፖኒን ጋር ይሰጥ ነበር፤ የአፍና የእግር በሽታ ክትባትም በኋላ ተጠቀመበት። በ1970ዎቹ ዴንማርካዊው ክርስቲያን ዳልስጎርድ ከኪላያ ልጥ የተሻለ የጠራ ክፍል አውጥቶ ኪል-ኤ አለው። ለከብት ተስማማ። ለሰው ግን ያስፈራ ነበር፤ የሚያስፈራበትም ምክንያት ነበረው።

ሳሙና ሳሙና የሆነው አንዱ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ጫፉ ስብ ስለሚወድ ነው። ሳፖኒንም እንደዚያው ነው፤ በተለይ ኮሌስትሮል ሲያገኝ አይለቅም። የሴሎቻችን ሽፋን ደግሞ ኮሌስትሮል አለበት። ጥሬ ሳፖኒን የደም ጠብታ ላይ ቢደረግ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይበሳሉ፤ ደፍርሶ የነበረው ፈሳሽ እንደ ወይን ጠጅ ጥርት ብሎ ይቀላል። እንዶድ የታጠበበት ውሃ ወንዝ ሲገባ ዓሣውና ቀንድ አውጣው የሚያልቀው በዚሁ የሽፋን ጣጣ ነው። (በነገራችን ላይ በጣና ገባሮች አፍ ላይ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚበተነው ብርብራ ሌላ ነው፤ የእሱ መርዝ ሮቴኖን ይባላል፤ ከሳፖኒን ጋር አይዛመድም።)

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነበር፤ መለየትና መግራት። የልጡ ጭማቂ አንድ ነገር አይደለም፤ ብዙ ተቀራራቢ ሳፖኒኖች የተቀላቀሉበት ነው፤ አንዳንዱ ይመርዛል፣ አንዳንዱ ይቀሰቅሳል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ያደርጋል። በ1991 ቻርሎት ኬንሲልና ባልደረቦቿ ጭማቂውን በማጣሪያ መሣሪያ እየከፋፈሉ እያንዳንዱን ክፋይ ፈተሹ። ሃያ አንደኛው ብዙ ሳይመርዝ አጥብቆ የሚቀሰቅስ ሆኖ ተገኘ፤ ኪውኤስ-21 የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። መግራቱ ደግሞ ጥርሱን ማስያዝ ነው። ሳፖኒኑ የሚፈልገውን ኮሌስትሮል ቀድመው ይሰጡታል፤ ያን ይዞ ከተቀመጠ የሰውየውን ሴል መብሳት ይተዋል፤ መቀስቀሱን ግን አይተውም። ስዊድናዊው ብሮር ሞሬይን በ1980ዎቹ ሳፖኒን፣ ኮሌስትሮልና ሌላ ስብ ሲገናኙ ጎጆ የመሰሉ፣ በአጉሊ መነጽር እንኳ የማይታዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንደሚሠሩ አሳየ። ማትሪክስ-ኤም የሚባለው፣ አር21 በተባለው የወባ ክትባት ውስጥ ያለው አጋዥ፣ የዚያ ጎጆ ዘር ነው።

አጋዥ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምነግረው አንድ ሙከራ አለ፤ በ1997 መጀመሪያ የታተመ፣ አሜሪካ ዋልተር ሪድ በተባለው የጦር ሠራዊቱ የምርምር ተቋም የተደረገ። ፕሮቲኑ አንድ ነው፤ አርቲኤስ,ኤስ የሚባለው፣ በወባው ተሕዋስ ቆዳ ላይ ያለች ቁራጭ፤ ከሁለቱ የወባ ክትባቶች አንዱ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ፈቃደኞቹን በሦስት ቡድን ከፈሉና ለሦስቱም ይህንኑ ፕሮቲን ሰጡ፤ አጋዡ ብቻ ተለያየ። ከዚያ ወባ በያዙ ትንኞች አስነደፏቸው። ያልተከተቡት 6 ሰዎች ስድስቱም ታመሙ። ከአሉሚኒየምና ኤምፒኤል ከሚባል ከባክቴሪያ ከሚወጣ አጋዥ ጋር ከወሰዱት 8 ሰዎች ሰባቱ ታመሙ። ከዘይትና ከውሃ ድብልቅ ጋር ከወሰዱት 7 ሰዎች አምስቱ ታመሙ። በዘይትና ውሃው ላይ ኤምፒኤልም ኪውኤስ-21ም ከተጨመረላቸው 7 ሰዎች ግን የታመመው አንድ ነው።

ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ አውቃለሁ። ሆኖም ልብ በሉ፤ ፕሮቲኗ አልተለወጠችም። በሦስተኛው ቡድን ጠባቂ የሆነችው ያችው ፕሮቲን በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ከምንም አልተቆጠረችም። ኤምፒኤልም ከአሉሚኒየሙ ጋር ነበረ፤ ብቻውን አልበቃም። ተመራማሪ ብሆን ኖሮ ያን ሠንጠረዥ ፍሬም አድርጌ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር።

ለወባ ይህ ሁሉ ጩኸት የሚያስፈልገው ጊዜ ስለሌለ ነው። ትንኟ የምትተፋው ተሕዋስ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሰዓታት ጉበት ውስጥ ይገባል። አንዴ ከገባ ፀረ እንግዳ አካላቱ አይደርሱበትም። ስለዚህ ተሕዋሱ ሲመጣ ደሙ ውስጥ ብዙ፣ እጅግ ብዙ ፀረ እንግዳ አካል ቀድሞ መጠበቅ አለበት። ያን ያህል ለማስመረት ደግሞ ንፍፊቱ ሳይዘገይ መንቃት አለበት።

ሕፃኑ ጭኑ ላይ ሲወጋ ፕሮቲኗና አጋዡ በፈሳሽ ቱቦው ወደ ብሽሽት ንፍፊት ይሄዳሉ። በር ላይ የተቀመጡት ሴሎች ሳፖኒኑን ይውጡታል፤ እሱም በውስጣቸው ያለውን የመፍጫ ከረጢት ሽፋን ያናጋል፤ ሴሉ አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል፤ ማስጠንቀቂያ ይረጫል። ኪውኤስ-21 እና ኤምፒኤል አብረው ሲሆኑ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት ይፈስሳል፤ አንዱ ብቻውን ያን አያመጣም። የውጭ ነገር አሳይ የሆኑት ዴንድሪቲክ ሴሎች ይበስላሉ፤ ፕሮቲኗን ቆራርሰው ለቲ ሴሎች ያቀርባሉ፤ ቲ ሴሎቹ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል አምራቾቹን ያነቃሉ። ግርግሩ በጥቂት ቀናት ይበርዳል፤ ትውስታው ይቀራል። እናቶች «መርፌው አስተኮሰው» የሚሉት ትኩሳት የዚህ ግርግር ሽታ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲያተኩስ እኔ አልደነግጥም፤ እናቱንም ላለማስደንገጥ እሞክራለሁ።

መጠኑ ያስቀኛል። በአርቲኤስ,ኤስ አንድ መርፌ ውስጥ ያለው ኪውኤስ-21 25 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ሚሊግራም ለ40 መርፌ ይበቃል ማለት ነው። በአር21 ደግሞ ፕሮቲኑ 5 ማይክሮግራም፣ ማትሪክስ-ኤም 50፤ አጃቢው ከሙሽራው አሥር እጥፍ! ቡርኪና ፋሶ ናኖሮ ላይ በ450 ልጆች በተደረገው ሙከራ ያችኑ 5 ማይክሮግራም በ25 እና በ50 ማይክሮግራም አጋዥ ሰጥተው አነጻጸሩ፤ በስድስት ወር የመከላከል አቅሙ 74 እና 77 በመቶ ሆነ። በኋላ አራት አገሮች ውስጥ 4,800 ልጆች የተሳተፉበት ትልቁ ሙከራ፣ ወባ በወቅት በሚመጣባቸው ቦታዎች፣ በመጀመሪያው ዓመት 75 በመቶ አሳየ። አርቲኤስ,ኤስ በጥቅምት 2021፣ አር21 በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅትን ምክረ ሐሳብ አገኙ።

እዚህ ላይ ለጣና ዳር አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ክትባቶች የተሠሩት ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት ነው። በእኛ አገር ቫይቫክስም አለ፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚመለሰው። ክትባቱ ለእሱ ምንም አይፈይድም። ደምቢያና ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምቱ ሲወጣ ውሃው በሚተኛበት አገር፣ በ1958 በመላ አገሪቱ 150 ሺህ ያህል ሰው በወባ ባለቀበት አገር፣ «ክትባት መጥቷልና አጎበሩን ለእህል ማድረቂያ» የሚል ሰው እንዳይነሣ እሰጋለሁ። አጎበር ላይ ሽንኩርት ተሰጥቶ አይቻለሁና ስጋቴ የሐሳብ አይደለም።

ኪውኤስ-21 ያለበት ሌላም ክትባት አለ፤ ለአልማዝ ባለጭራ። በሽታው ሰው ሲያረጅ፣ መከላከያው ሲደክም ነው የሚወጣው፤ የደከመን መከላከያ በክትባት ማንቃት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። የቀድሞው ሕያው ክትባት ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት የሚያድነው ግማሽ ያህሉን ነበር። ፕሮቲንና ኪውኤስ-21 ያለበት አዲሱ ክትባት በ2015 በታተመው ሙከራ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑት 97.2 በመቶ፣ በ2016 በታተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ ከ70 በላይ ለሆኑት 90 በመቶ ገደማ ሆነ። ክንድ ያሳምማል ይላሉ የወሰዱት፤ እኛ መድኃኒት ቤት ግን የለም። አልማዝ ባለጭራ የወጣባቸው አንድ አባት ጎናቸውን ይዘው ሲመጡ የምሰጣቸው ማስታገሻ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እንዶድ። «ታዲያ የእኛው እንዶድስ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፤ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የሚከተለው ግን አንዳንዴ ያስፈራኛል። በ1964 አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ ተንሳፍፎ አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ነገሩን ተከታተለው፤ በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘ። በእንዶድ ውስጥ ያለው ዋና ሳፖኒን በስሙ ለማቶክሲን ተብሏል። ጣና ዳር ውሃ ውስጥ ሲራጩ የሚውሉ ሕፃናትን የሚያውቅ ሰው የዚያን ሥራ ዋጋ አያጣውም።

ግን ለማቶክሲን ኪውኤስ-21 አይደለም። አጥንታቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱም በአምስት ቀለበት ላይ የተሠሩ ናቸው። የኪላያው ግን አንድ ጎኑ ላይ አልዲሃይድ የሚባል ትንሽ ቅጥያ አለው፤ ተመራማሪዎች ቲ ሴሎችን በመቀስቀስ ድርሻ አለው ይላሉ። ከስኳሮቹ አንዱ ላይም ረጅም የስብ ጅራት ተቀጥሎለታል። የእንዶዱ ሁለቱም የሉትም። ዘመድ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። እንዶድን ደግሞ ለፅንስ ማስወረጃ፣ ለኮሶ፣ ለውሻ በሽታ ብለው የሚጠጡ አሉ። የሚበሳው ሽፋን የቀንድ አውጣ ብቻ መስሏቸው ይሆን? የሰው አንጀትም ሽፋን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ደንበኛ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አውቃለሁ፤ አሁንም አደርገዋለሁ።

የኪላያ ዛፍም የራሱ ጣጣ አለው። ልጡ የሚላጠው ካደገ ዛፍ ነው፤ የሚገኘው ኪውኤስ-21 እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚፈልገው ሕፃን ደግሞ በሚሊዮን ይቆጠራል። ስለዚህ በ2024 ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች ከስድስት ሕያዋን የተውጣጡ 38 ጂኖችን እርሾ ውስጥ ከትተው እርሾው ራሱ ኪውኤስ-21 እንዲሠራ አደረጉት። ምርቱ ገና ጠብታ ነው፤ ቢሆንም ጠላ የሚያፈላው ፍጡር የክትባት ቅመም ማፍላቱ ደስ ይላል። ቺሊዎች ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኛስ በ1990ዎቹ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የዛጎል ለበስ የውሃ እንስሳ ማጥፊያ አድርጎ ፓተንት ሲያወጣበት «ዕውቀቱ የእኛ ነው» ያልነው አይረሳም።

ሰሞኑን አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በእንዶድ አጋዥነት ላይ ብሠራስ? አይጥ ልከትብ» አለኝ። «አይጡን ተወው፤ በበግ ደም ጀምር» አልኩት። ደሙን በጨው ውሃ ማጠብ፣ የእንዶዱን ጭማቂ ከወፍራም እስከ ቀጭን እያቀጠኑ በየቱቦው መጨመር፣ በሰውነት ሙቀት ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ማሽከርከር፤ ከላይ የቀላው ቱቦ ሴሉ ፈርሷል ማለት ነው። ከዚያ ጭማቂውን ከኮሌስትሮል ጋር አዋሕዶ ያንኑ መድገም። መቅላቱ ከቀረ ጥርሱ ተይዟል፤ ክፍፍሉና አይጡ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ወዲያው የሚያስጨበጭብ ነገር ነበር የፈለገው። «የበግ ደም ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። ቄራ ማለዳ እንዲሄድ፣ ደሙ እንዳይረጋበትም ጠርሙሱ ውስጥ ቀድሞ ሲትሬት እንዲጨምር ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ «ሲትሬት» ብሎ ጻፈና ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።